ከኮሪያ የተበረከተ ዶጃንግ

ጭሮ ውስጥ አንድን ጎልማሳ በአንድ እግሯ መሬት ላይ ልታነጥፍ የምትችል ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ ስሟም እናትነሽ ነው። ስም ያወጡላት ሰዎች ምን እያሰቡ እንደነበር አላውቅም። ሥራዋ ሰልባጅ መሸጥ ነው። በገበያ ቀን ቦኬና መሰላ ትሄዳለች፣ በቀረው ቀን እዚሁ ጭሮ ከእኔ ሱቅ አጠገብ ሸራዋን ዘርግታ ሹራብና ጅንስ ትቆልላለች። ከሰዓት በኋላ ከተማው ጫቱን ይዞ ጥግ ጥጉን ሲይዝ ግን ሸራዋን ጠቅልላ፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ጥቁር ቀበቶዋን ታጥቃ ማስተር እናትነሽ ትሆናለች። ያን ጊዜ እኔም ራሴ ሳላስበው ቀጥ ብዬ ነው የማናግራት።

እኔ ጃዕፈር እባላለሁ፤ ባነር አታሚ ነኝ። የሱቅ ስም፣ የሠርግ ጥሪ፣ የምረቃ ፎቶ የመሳሰለው ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። ሥራዬ ከፊደል ጋር ስለሆነ ሰው በፊደል ምን ያህል እንደሚጣላ አውቃለሁ። ሠርግን በየትኛው ሠ እንጻፈው በሚል የሙሽራው አጎትና የሙሽሪት አጎት ሱቄ ውስጥ ሊያያዙ ሲሉ ገላግያለሁ። ድምፁ አንድ፣ መልኩ ሁለት የሆነ ነገር ጠብ እንደሚያመጣ ከዚያ ወዲህ ተረድቻለሁ። የእናትነሽ ጣጣ ግን ከዚህም የባሰ ነበር።

እናትነሽ የተወለደችው መሰላ ነው፤ አባቷ የሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ። ልጅ ሆና ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ እንድትማር ተላከች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ቀዳዳ ነጭ የለበሱ ሰዎች ሲራገጡ አየችና ገባች፤ እንደገባች ቀረች። አክስቷ ግን ልጅቱ መዝሙር ጥናት የምትሄድ ነበር የሚመስላቸው። አንድ ቀን ገበያ መሀል ሌባ የአክስቷን ቦርሳ መንትፎ ሲሮጥ እናትነሽ ደረሰችበትና በአንድ እርግጫ አነጠፈችው። አክስቷ ቦርሳቸውንም አገኙ፣ ምሥጢሩንም አወቁ። «ይሄ የትኛው መዝሙር ነው?» ብለው ጠየቋት አሉ።

ጥቁር ቀበቶዋን ይዛ ጭሮ ስትመጣ የቴኳንዶ ክበብ ከፈተች። የልጆቹን ልብስ ከአቡጀዲ አሰፋችላቸው። አቡጀዲ ደግሞ መገነዣም ስለሆነ፣ ልጃቸው ከላይ እስከ ታች ተጠቅልሎ ሲመጣ ያዩ እናቶች መጀመሪያ ክው ብለው ነበር። ቆጠራው በኮሪያኛ ነው፤ ሀና፣ ዱል፣ ሴት። ሀና አንድ፣ ዱል ሁለት፣ ሴት ሦስት ማለት ነው። ይህን የማያውቁ አንዲት ጎረቤት ግን ለብዙ ጊዜ በግድግዳው በኩል ሲያዳምጡ ቆይተው አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሙ። «ሐና የምትባለዋ ልጅ ምን አጥፍታ ነው ሁልጊዜ ዱላ ዱላ የምትሉባት? ሴት ልጅ አይደለች እንዴ?» አሉ። እናትነሽ የቱንም ያህል ብታስረዳቸው ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ለሐና እንዳዘኑ ናቸው።

ልምምዱ የሐጂ በድሪ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ሐጂ የልጅ ልጃቸው ሱመያ እዚያ ስለምትሠለጥን መጋዘኑን ለእናትነሽ በነፃ ሰጥተዋት ነበር። ሱመያ በሂጃቧ ላይ ቀበቶ ታጥቃ ስትዘል ያያት ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ሐጂ ግን ከሁሉ በላይ ያጨበጭባሉ። ያም ሆኖ ልጆቻቸው መጋዘኑን ለሲሚንቶ ማከማቻ ፈለጉት። ሐጂም አዝነው እናትነሽን አስጠሯት።

«ልጄ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ጠብ አልፈልግም። እስከ ዐረፋ ሌላ ቦታ ፈልጊ» አሏት።

«እሺ ሐጂ፣ እርስዎ እስካሁን ያደረጉልኝም ይበቃል» ብላ ወጣች። ፊቷ ግን አመድ መስሎ ነበር። ቦታ ከሌለ ክበቡ ይበተናል፤ ክበቡ ከተበተነ እናትነሽ ከሹራብ ክምር ጀርባ የተቀመጠች ሴት ብቻ ናት። እሷም ይህን ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ባዶ አዳራሽ ጭሮ ውስጥ አልጠፋም። አንድ መሥሪያ ቤት ግቢው ውስጥ እርግብ የሰፈረበት፣ የተሰበረ ወንበር የታጎረበት አሮጌ አዳራሽ አለው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ባነር የሚያሠራኝ ደንበኛዬ ነው። ኃላፊው ጌድዮን ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማህተም የሚወድ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ማህተሞቹን እንደ ቼዝ ደርድሮ ነው የሚቀመጠው።

«ማህተም ያለበት የክበቡ ደብዳቤ ከመጣ አዳራሹን ልንፈቅድ እንችላለን» አላት።

እናትነሽ ማህተም ለማስቀረጽ ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ሄደች። እዚያ ደግሞ «ክበቡ ያለበት ቤት ማስረጃ አምጪ» አሏት። ቤት የለንም አለች። «እንግዲያውስ መጀመሪያ ቤት አግኙ» አሏት። ወደ ጌድዮን ተመለሰች። «መጀመሪያ ማህተም» አላት። እንዲህ እያለች በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ያለውን አስፋልት በነጠላ ጫማዋ አለሰለሰችው። በሄደች ቁጥር ጌድዮን «ገና ነው» ይላታል። የእሱ ገና ላልቶ የሚነበበው ነው። ጠብቆ የሚነበበውማ ቢያንስ በየዓመቱ ይመጣል።

በዚህ ጭንቀት መሀል ነው ሽማግሌው ኮሪያዊ የመጡት። ወደ ሐረር ለሥልጠና ሲሄዱ የጭሮ ዳገት የመኪናቸውን ሞተር አፈላውና ልክ በእኛ ሱቆች ፊት ቆመ። ስማቸው ማስተር ኖ ነው። ኖ ይባሉ እንጂ ለቀረበላቸው ነገር ሁሉ ራሳቸውን በአዎንታ የሚነቀንቁ ሰው ናቸው። አብሯቸው ያለው የአዲስ አበባ ሹፌር ታምራት ሲሆን በእንግሊዝኛ ይግባባሉ። ኮሪያኛ የሚችል ግን ከማስተር ኖ በቀር በአካባቢው አልነበረም፤ እናትነሽን ካልቆጠርናት። ከተማው ደግሞ እናትነሽን ቆጥሯታል። ኮሪያኛ እንደ ውሃ ትጠጣለች ነው የሚባለው። እውነቱን ለመናገር የምታውቀው እስከ አሥር መቁጠር፣ «ተነስ፣ ተዘጋጅ፣ ጀምር» እና ጥቂት የልምምድ ቃላት ብቻ ነው።

ሽማግሌው ከመኪናው ወርደው አቧራ የለበሰ እጃቸውን እያሳዩ «ሱዶ፣ ሱዶ» አሉ። ሱዶ በቴኳንዶ በመዳፍ ጠርዝ መምታት ነው፤ የእጅ ቢላዋ እንደማለት። እናትነሽ ፈተና የቀረበላት መሰላትና ሸራዋ ላይ ዘላ ወጥታ፣ «ሀይ!» ብላ፣ አየሩን በመዳፏ ለሁለት ሰነጠቀችው። ከፊቷ የተሰቀለ ሹራብ ወደቀ። ማስተር ኖ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ከዚያ በወገባቸው ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጧት፤ ከዚያ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«እመቤት፣ ሰውዬው እጅ መታጠቢያ የቧንቧ ውሃ ነው የፈለጉት!» አለ ታምራት።

ውሃ በዚያ ሳምንት ስላልነበረ በጀሪካን አስታጠብናቸው። እሳቸውም አቧራማው የመኪና ቦኔት ላይ በጣታቸው ሦስት ሥዕል ሣሉልን። አንዱ እጅ ነው። አንዱ ቧንቧ ነው። አንዱ ብዙ ፎቅ ያለበት ትልቅ ከተማ ነው። ሦስቱንም በተራ እየነኩ «ሱዶ፣ ሱዶ፣ ሱዶ» አሉ። ከሥራቸው እርስ በርስ የማይመሳሰሉ የተወሳሰቡ የቻይና ፊደላት ጻፉ። ሱመያ በጣም ገረማት፤ እኛ ግን ሳቅንና አለፍነው። ማስጠንቀቂያው እዚያ ቦኔት ላይ ተጽፎልን ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጥቶ አጠበው።

ሞተሩ እስኪበርድ እናትነሽ መጋዘኑን አስጎበኘቻቸው። ልጆቹ በአቡጀዲያቸው ተሰልፈው ሰላምታ ሰጡ። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የቀበቶ ምስክር ወረቀቶች አንድ በአንድ አዩ፤ እኔ ነኝ ያተምኳቸው። እናትነሽ የቤቱንም የማህተሙንም ጣጣ ሆዷ እስኪቀል ነገረቻቸው፣ ታምራት ተረጎመ። ከዚያ ታምራት ወደ ሞተሩ ሄደ። ጥፋቱ የታምራት መሄድ ነው እላለሁ፤ እሱ ደግሞ የሞተሩ ነው ይላል።

ማስተር ኖ መሄጃቸው ሲደርስ የእናትነሽን እጅ ይዘው በኮሪያኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሁለት ቃል ገባን። አንዱ «ሶንሙል» ነው፤ ሱመያ በስልኳ ከምታያቸው የኮሪያ ድራማዎች ስጦታ ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሁለተኛው «ዶጃንግ» ነው፤ የቴኳንዶ ማሠልጠኛ አዳራሽ መሆኑን እናትነሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ከዚያ ሽማግሌው በጡጫቸው መዳፋቸውን ደቃ አደረጉ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ትንሽ የሆነ ነገር አሳዩ። ከዚያ ስሟን ደጋግማ እንድትነግራቸው ጠይቀው በራሳቸው ፊደል ጻፉት። መኪናው ሄደ።

«የአዳራሽ ስጦታ!» አለች ሱመያ።

ሁሉም ነገር ግጥም አለ። ጡጫው መሠረቱ ሲመታ ነው። ሁለቱ ጣቶች ትንሽ ናት ብለው ትሕትና ማሳየታቸው ነው፤ ኮሪያዎች ትሑት ናቸው ይባላል። ስሟን የጻፉት ለካርታው ነው። ይህን የመጨረሻውን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም «በትክክል!» አሉኝ። በማግሥቱ ከተማው ስለ አዳራሹ እንጂ ስለ ሌላ አያወራም ነበር። አንዳንዱ ሁለት ፎቅ ነው አለ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ሊፍት አለው ብሎ ማለ። እናትነሽ እኔ ዘንድ መጥታ ትልቅ ባነር አሳተመች፤ «ከኮሪያ ለጭሮ የተበረከተ ዶጃንግ» ይላል። ቀይና ሰማያዊ ቀለም አድርጌ፣ ዳር ዳሩን አስጊጬ፣ ያለ የሌለ ችሎታዬን አፈሰስኩበት።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። እናትነሽ ግን ከደስታዋ ብዛት ወደ ጌድዮን ቢሮ ሄደች። ባለጉዳይ ተሰልፎ ነበር። እኔም ለሌላ ባነር ቀብድ ልቀበል ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ሁልጊዜ «አቶ ጌድዮን፣ እርስዎ» የምትል ሴት ያን ቀን «አንተ» አለችው።

«አንተ ሰውዬ! አዳራሽህን ከነእርግቡ ታቅፈህ ተኛ! ኮሪያ የሚያህል አገር እየሠራልኝ ነው!»

ጌድዮን ከወንበሩ ተነሣ። ኮሪደሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ጮኸ። «ሕግ ሕግ ነው! ማህተም ያለበት ደብዳቤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጥሽ ቀን፣ ቁልፉን በዚያው ሰዓት ካልሰጠሁሽ እኔ ጌድዮን አይደለሁም!»

እሷም በሩን በተረከዟ ዘግታው ወጣች። በእግሯ ዘግታው ነው ማለቴ ነው፤ ማጠፊያው በኋላ ተጠገነ።

ዐረፋ ሲቃረብ ታምራት መጣ። ሌላ እንግዳ ይዞ ወደ ሐረር ሲያልፍ ነው። መኪናውን ገና ከሩቁ አይተን፣ አዳራሹን የሚሠሩት ሰዎች መጡ ብለን ወደ መንገዱ ወጣን። ከኋላው ግን የጭነት መኪና አልነበረም። ከኪሱ ጨርቅ የተለበጠች ትንሽ ሣጥን አወጣ።

«ማስተር ኖ የላኩልሽ ናት። ዶጃንግ ነው ብለዋል» አለ።

እናትነሽ ከፈተችው። ውስጡ ጣት የምታህል፣ የተወለወለች ግራጫ ድንጋይ አለች፤ ታችዋ ተቀርጿል። አጠገቧ ቀይ ቀለም ያለበት ክብ ዕቃ ተቀምጧል። እናትነሽ የሣጥኑን ክዳን ገልብጣ አየች፤ አዳራሹን የምትፈልግ ይመስል።

ታምራት ግራ ገብቶት ወደ ሽማግሌው ደወለ። በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ፤ ታምራት መጀመሪያ ቅንድቡን ሰቀለ፣ ቀጥሎ ከንፈሩን ነከሰ፣ በመጨረሻ ወደ እኛ ዞረ።

«ዶጃንግ ሁለት ነው» አለ። «ሁለቱም ከቻይና የመጡ ቃላት ናቸው። አንደኛው በቻይና ፊደል ሲጻፍ የመንገድ ቦታ ነው፤ ትምህርቱ መንገድ ይባላል፣ መንገዱን የምትማሪበት ቦታ ዶጃንግ ነው። ሌላኛው ሲጻፍ የሥዕል ምልክት ነው፤ እሱ ማህተም ነው። በቻይና ፊደል አይመሳሰሉም። በኮሪያ ፊደል ግን አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሲነገሩም አንድ ዓይነት። ሽማግሌው የቀበቶ ወረቀቶችሽ ላይ ማህተም እንደሌለ አይተው አዝነው ነው ያስቀረጹልሽ። ስምሽ ነው የተጻፈበት።»

«ሱዶም እንዲህ ነበር እኮ!» አለች ሱመያ። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

ጡጫው መሠረት አልነበረም፤ ማህተም መምታት ነበር። ሁለቱ ጣቶችም ትሕትና አልነበሩም፤ ልኩን ነው የነገሩን። ሳቄ መጣ። ወዲያው እናትነሽን አየኋትና ሳቄ ጠፋ። የሰልባጅ ክምሯ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ይህችን ሴት ጥርሷ ሲሰበር እንኳ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። የሐጂን መጋዘን ልትለቅ ቀናት ቀርተዋታል፣ የጌድዮንን አዳራሽ በገዛ አፏ ወርውራዋለች፣ ከተማው በሙሉ ሊፍት ያለው ፎቅ ይጠብቃል።

«ባነሩን ቀዳደህ ጣለው» አለችኝ።

«ቶሌ፣ እጥለዋለሁ» አልኳት። አልጣልኩትም። እንዲያ የተዋበ ሥራ አይጣልም።

እንባዋን ጠርጋ ድንጋይዋን አገላበጠቻት። ቀዩን ቀለም አስነካቻትና አጠገቧ ባለ የዕቃ መጠቅለያ ካርቶን ላይ ተጫነቻት። አራት ማዕዘን የሆነ፣ ጥርት ያለ ቀይ ምልክት ወጣ። ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ውስጥ ያን ሌባ ስታሳድድ የነበራት ነገር የመጣ መሰለኝ።

«ጃዕፈር፣ ጌድዮን ምን ነበር ያለው? ማህተም ያለበት ደብዳቤ አይደል?»

«ማህተም ያለበት ደብዳቤ ነው ያለው።»

«ክብ ነው አለ?»

«አላለም።»

«የየትኛው አገር አለ?»

«አላለም፣ ወላሂ!»

ደብዳቤውን የሚገባውን ሁሉ አስገብቼ እዚያው ጻፍኩላት፤ ግርጌው ላይ፣ ከፊርማዋ አጠገብ፣ ድንጋይዋን ደቃ አደረገቻት። ልክ ሽማግሌው እንዳሳዩን።

ወደ ቢሮው አብሬያት ሄድኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሚያመልጠኝ ሱቄ ቢዘጋ ይሻለኛል። ባለጉዳይ እንደ ወትሮው ተሰልፏል። እናትነሽ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በሁለት እጇ አኖረችና ጎንበስ አለች።

«አቶ ጌድዮን፣ መጀመሪያ ያን ቀን አንተ ስላልኩዎት ይቅር ይበሉኝ። ደስታዬ ራሴን አስቶኝ ነው።»

ጌድዮን በሩን አየት አደረገ። «አንተ ማለትሽስ ይሁን። ሌላ ነገር ስላላደረግሽ አመሰግናለሁ» አለ። ከዚያ ደብዳቤውን አነሣ። አዞረው። ገለበጠው። ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዶጃንግ ነው።»

«ዶጃንግ አዳራሹ አይደለም እንዴ? ከተማው ሁሉ የሚያወራው?»

«አዳራሹም ዶጃንግ ነው። ማህተሙም ዶጃንግ ነው። ከኮሪያ ነው የመጣው።»

«ቀይ ነው እኮ!»

«መመሪያው ቀለሙን ይናገራል?»

ጌድዮን መመሪያውን በሐሳቡ ሲያገላብጥ ከግንባሩ ይነበብ ነበር። ጣቱ ግን ሳያስበው ምልክቱን ይዳብሳል። ማህተም የሚወድ ሰው ነው ብያለሁ። «ምን ይላል?» አለ በመጨረሻ።

«እናትነሽ ይላል።»

«እሱማ... ክበቡን አይልም። እንዲህ ያለውን ነገር ከበላይ አካል ጋር...»

ከሰልፉ መሀል አንድ ከቦኬ የመጡ አዛውንት ገበሬ በትራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። ያን ቀንም ሰልፉ ላይ ነበሩ፤ ጉዳያቸው እስካሁን አላለቀም።

«ስማ አንተ ልጅ! ያኔ እኔ እዚህ ነበር። ቁልፍ ካልሰጠሁ ጌድዮን አይደለሁም ብለሃል፤ እኔ በጆሮዬ ሰምቷል። አሁን ቁልፍ ትሰጣለህ ወይስ ስም ትቀይራለህ?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ከኋላ «ስም ለመቀየርም ማህተም ያስፈልገዋል!» አለች። ጌድዮን ጆሮው ድረስ ቀላ። ቃሉን የሰማው ሰው ሁሉ እፊቱ ቆሟል፤ ማህተም ደግሞ የጠየቀው እሱ ራሱ ነው። መሳቢያውን ሳበ። ቁልፉን አወጣ። ከመስጠቱ በፊት ግን የራሱን ክብ ማህተም ከቀዩ ጎን ደቅ አደረገው፤ ከዚያ ሁለቱን ምልክቶች ጎን ለጎን አይቶ ተነፈሰ።

«እንዲህ ያለ ድንጋይ ለግለሰብም ይቀርጻሉ?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

አዳራሹን ለማጽዳት የልጆቹ ወላጆች ሁሉ መጡ። ሐጂ በድሪ መጥረጊያ የያዙ ሠራተኞች ላኩ። እርግቦቹ ግን አንወጣም ብለው ጣሪያው ሥር ቀሩ፤ እስከ ዛሬ ልምምዱን ከላይ ሆነው ያያሉ። ልጆቹ በአቡጀዲያቸው ተሰልፈው «ሀና፣ ዱል፣ ሴት!» ሲሉ ድምፁ እስከ ጌድዮን መስኮት ይደርሳል። እኔም ከባንኮኒዬ ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ባነሬን አውጥቼ፣ አቧራውን አራግፌ፣ በሩ ላይ ሰቀልኩት። እናትነሽ ስታየው መጀመሪያ ልትቆጣ ከጀላት፤ ቀጥሎ አነበበችውና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ጌድዮን በማግሥቱ መጣ። ባነሩ ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«ይሄ ይስተካከል» አለ። «ከኮሪያ የተበረከተ ይላል። አዳራሹን የሰጠነው እኛ ነን፤ ኮሪያ የሰጠችው ማህተም ብቻ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የሚለው» አለች እናትነሽ። «ከኮሪያ የተበረከተ ማህተም።»

ጌድዮን እንደገና አነበበው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም አንዲት ፊደል እንዳልነካሁ እጆቼን ዘርግቼ አሳየሁት።

«ታዲያ እኛስ? የእኛ የት አለ?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ቅሬታ ነበር።

እናትነሽ ክንዱን ያዘችው። በጣም ቀስ ብላ ነው የያዘችው፤ እሱ ግን ለማንኛውም ተሸማቀቀ።

«እርስዎ ደግሞ ዶጃንግ ሰጡኝ፣ አቶ ጌድዮን። እሱም እዚያው ተጽፏል፤ እንደገና ያንብቡት» አለችው።

ሦስተኛ ጊዜ ሲያነብ ትተነው ገባን።